ጂልና ፈረስዋ
ስለ እንግሊዝ ልጆች የፈረስ መጻሕፍት አጭር ታሪክ

የታሪክ ትምህርት ሲባል ብዙ ጊዜ በሐሳባችን የሚመጣው የነገሥታት ስም፣ የጦርነት ዘመንና የውል ቀን ነው። ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን አንድ ሕዝብ ለልጆቹ የሚጽፈው ልብ ወለድ ታሪክ ደግሞ ራሱን የቻለ ምስክር ነው። ወላጆች ልጃቸው ምን እንዲሆን እንደሚመኙ፣ ምንስ እንዳይሆን እንደሚፈሩ ከዚያ ይበልጥ አጋልጦ የሚያሳይ ጽሑፍ ጥቂት ነው። ስለዚህ እኛ በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ስለ ጦር ሜዳ ከመጻፍ ይልቅ፣ በቤተ መጻሕፍታችን በታችኛው መደርደሪያ ላይ ጀርባቸው ተልጦ ስለተቀመጡ አንዳንድ መጻሕፍት ልንናገር ወደድን። በመጀመሪያ ያነሣናቸው እንግሊዝኛችንን ለማሻሻል ብቻ ነበር። ከጓደኞቻችንም አንዳንዶቹ «የሕፃናት መጽሐፍ» እያሉ ሳቁብን። አንብበን ስንጨርስ ግን ለእኛ ለተመራቂዎች የሚሆን ትልቅ ጥያቄ በውስጣቸው አገኘን። በጽሑፋችን የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

መጻሕፍቱ የሚናገሩት ፖኒ ስለሚባለው ፈረስ ነው። ፖኒ ማለት ቁመቱ አጭር የሆነ ፈረስ ነው። እንግሊዞች የፈረስን ቁመት ከመሬት እስከ ትከሻው ጫፍ ይለካሉ፤ መለኪያቸውም «እጅ» ይባላል፤ አንዱ እጅ 4 ኢንች ነው። እስከ 14 እጅ ከ2 ኢንች፣ ማለት እስከ 147 ሳንቲሜትር ድረስ ያለው በፖኒ ተራ ይቈጠራል። በዚህ ልክ ከሄድን በአገራችን በገበያና በመንገድ የምናያቸው ፈረሶች አብዛኞቹ ፖኒዎች ናቸው ማለት ነው። እንግዲህ አንባቢያችን ይህን ቃል ሲያይ የማያውቀው የሩቅ አገር እንስሳ አይምሰለው።

በአገራችን ፈረስ የጦርና የክብር ምልክት እንደነበረ ሁላችንም እናውቃለን። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው እየተባሉ በፈረስ ስም ይጠሩ ነበር። በእንግሊዝ አገርም ፈረስ ለብዙ ዘመን የወታደር፣ የባለጸጋና የነጋዴ ሀብት ነበር። ታዲያ ፈረስ እንዴት የአንዲት የትምህርት ቤት ልጃገረድ ጓደኛ ሊሆን ቻለ? የመጻሕፍቱ ታሪክ የዚህ ለውጥ ታሪክ ነው።

መነሻውን የምናገኘው አና ስዌል ከተባሉት እንግሊዛዊት ዘንድ ነው። እኚህ ሴት በ1820 ዓ.ም. ተወለዱ። በ14 ዓመታቸው ገደማ ወድቀው ቁርጭምጭሚታቸው ስለተጐዳ ከዚያ ወዲያ እንደ ልባቸው መራመድ አልቻሉም፤ ከቤት ሲወጡ የሚሄዱት ፈረስ በሚጐትተው ጋሪ ነበር። እግር የሆናቸውን እንስሳ ጠባይና ሕመም ከቅርብ ስላዩ፣ በመጨረሻው ዘመናቸው በሕመም ላይ ሳሉ «ብላክ ቢውቲ» የተባለውን መጽሐፍ ጻፉ፤ በ1877 ዓ.ም. ታተመ፤ ደራሲዋም በሚቀጥለው ዓመት ዐረፉ። በዚህ መጽሐፍ የሚናገረው ፈረሱ ራሱ ነው። ከደግ ጌታ ወደ ክፉ ጌታ እየተሸጠ ሲዞር፣ በሎንዶን ከተማ የኪራይ ሠረገላ ሲጐትት የደረሰበትን ሁሉ ይተርካል። በዚያን ዘመን ባለጸጎች ፈረሳቸው አንገቱን ቀና አድርጎ ሲሄድ ያምራል ብለው ራሱን በጠፍር ወደ ኋላ ስበው ያስሩት ነበር፤ ፈረሱም ዳገት ሲወጣ መተንፈስ ይቸግረው ነበር። መጽሐፉ ይህን ልማድ ስለነቀፈ ብዙ ሰዎች እንዲጠሉት አደረገ። አና ስዌል የጻፉት በተለይ ከፈረስ ጋር ለሚሠሩ ሰዎች ነበር፤ ልጆች ግን መጽሐፉን የራሳቸው አደረጉት።

ከዚያ በኋላ ባለው ግማሽ ምዕት ዓመት የእንግሊዝ አገር ኑሮ ተለወጠ። በከተማ መኪና፣ በእርሻ ትራክተር እየበዛ ሄደ፤ ፈረስም ቀስ በቀስ ከሥራ እየወጣ የመዝናኛና የስፖርት እንስሳ ሆነ። በ1929 ዓ.ም. ፖኒ ክለብ የሚባል የልጆች ማኅበር ተቋቁሞ ግልቢያንና የፈረስ አያያዝን ማስተማር ጀመረ። በ1936 ዓ.ም. ደግሞ ጆአና ካናን የተባሉት ደራሲት «ኤ ፖኒ ፎር ጂን» (ፖኒ ለጂን) የሚለውን መጽሐፍ አሳተሙ። በዚህ መጽሐፍ ተራኪው ፈረሱ መሆኑ ቀርቶ ልጅቱ ሆነች። የጂን ቤተ ሰቦች ገንዘባቸው አልቆ ከከተማ ወደ ገጠር ይሄዳሉ። እዚያ ዘመዶችዋ አይረባም ብለው የናቁትን፣ የጐድን አጥንቱ የሚቈጠር አንድ ከሲታ ፖኒ ይሰጡአታል። ጂን ግልቢያ ባታውቅም እየወደቀች እየተነሣች ትማራለች፤ ፈረሱንም መግባና አጥባ ሰው ፊት ታቀርበዋለች። ከዚህ በኋላ የመጡት የፈረስ መጻሕፍት ብዙዎቹ ይህንኑ መንገድ ተከተሉ፦ ገንዘብ የሌላት ልጅ፣ የተናቀ ፈረስ፣ የብዙ ወር ድካም፣ በመጨረሻም የውድድር ቀን።

ጆአና ካናን ሦስት ሴቶች ልጆች ነበሩአቸው። ጆሴፊን በ1924 ዓ.ም. ተወለዱ፤ መንታዎቹ ዳያናና ክሪስቲን በ1925 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው በአንደኛው የዓለም ጦርነት የቈሰሉ መኰንን ነበሩ፤ የቤተ ሰቡም ስም ፑሊን ቶምሰን ይባላል። እነዚህ እኅትማማቾች በኦክስፎርድሺር ግዛት በምትገኝ ፔፐርድ በምትባል መንደር አደጉ። በትምህርት ቤት የቈዩት ጥቂት ጊዜ ነው፤ ገና ወጣቶች ሳሉ ግን የግልቢያ ትምህርት ቤት ከፍተው ሌሎችን ያስተምሩ ነበር። ማለዳ ጋጣ ጠርገው፣ ፈረስ አጥበው፣ ቀን ተማሪዎችን ሲያስጋልቡ ውለው፣ በተረፋቸው ሰዓት ይጽፉ ነበር። ሦስቱ ተባብረው የጻፉት «ኢት ቢጋን ዊዝ ፒኮቲ» የተባለው መጽሐፍ በ1946 ዓ.ም. ታተመ። በዚያው ዓመት ጆሴፊን «ሲክስ ፖኒስ» የሚለውን፣ ዳያና «አይ ዎንትድ ኤ ፖኒ» የሚለውን ለየብቻ አወጡ፤ ክሪስቲንም በ1948 ዓ.ም. «ዊ ሮድ ቱ ዘ ሲ» በሚለው ተከተሉአቸው። በጦርነቱ ጊዜ ወረቀት በራሽን ይታደል ስለነበር መጻሕፍት ማሳተም አስቸጋሪ ነበር። ያ መከራ ካለፈ በኋላ ልጆች ሜዳና ነጻነት፣ ፈረስና በዓል ያለበትን ታሪክ ተርበው ቢያነቡ የሚያስደንቅ አይደለም።

ከነዚህ ሁሉ መጻሕፍት ግን እኛን ይበልጥ የያዘን ወይዘሮ ሩቢ ፈርጉሰን ስለ ጂል ክሩ የጻፉት ተከታታይ ታሪክ ነው። ቊጥሩ ዘጠኝ ነው፤ የመጀመሪያው «ጂልስ ጂምካና» በ1949 ዓ.ም.፣ የመጨረሻው «ጂልስ ፖኒ ትሬክ» በ1962 ዓ.ም. ታተመ። ጂምካና ማለት ልጆች በፈረስ ላይ ሆነው በዝላይ፣ በሩጫና በልዩ ልዩ ጨዋታ የሚወዳደሩበት በዓል ነው፤ ቃሉ ከሕንድ አገር ወደ እንግሊዝ የገባ ነው። አንደኛ የወጣ ቀይ፣ ሁለተኛ የወጣ ሰማያዊ የሪባን አበባ በፈረሱ ልጓም ላይ ይታሰርለታል።

ጂል አባትዋ የሞቱባት ልጅ ናት። እናትዋ የልጆች ታሪክ በመጻፍ ቤቱን ያስተዳድራሉ፤ ጂል ግን የእናትዋን መጻሕፍት አብዝታ አታደንቅም፤ ይህንንም ሳትደብቅ ለአንባቢ ትናገራለች። ቻተን በምትባል፣ ደራሲቱ በፈጠሩአት የገጠር ከተማ አጠገብ ባለች ትንሽ ቤት ይኖራሉ። በሠፈሩ ያሉ ልጆች ሁሉ ይጋልባሉ፤ ጂል ብቻ ፈረስ የላትም። በመጨረሻ በሜዳ አይታ የወደደችውን ብላክ ቦይ የተባለ ፖኒ ከእናትዋ ብዕር በተገኘ ገንዘብ ታገኛለች። ነገር ግን ፈረስ ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ መጋለብና መጠበቅ ሌላ ነው። ኮርቻ የላትም፤ ዛብ አያያዝም አታውቅም። ያስተማራት ማርቲን ሎ የሚባል ሰው ነው። እርሱ በጦርነት የአየር ኃይል አብራሪ የነበረ፣ ተጐድቶም በተሽከርካሪ ወንበር ላይ የቀረ ሰው ነው። ራሱ ከእንግዲህ የማይጋልበው ሰው በወንበሩ ላይ ተቀምጦ ለአንዲት ልጅ ግልቢያ ሲያስተምር ማንበብ ልብ ይነካል። ደራሲቱ ስለ ጦርነት ብዙ አልጻፉም፤ በዚህ በአንድ ሰው ብቻ ግን የ1949 ዓ.ም. አንባቢ በየመንደሩ የሚያውቀውን ነገር አስታውሰውታል።

የመጻሕፍቱ ጥሩነት ሁለት ነው ብለን እናምናለን። የመጀመሪያው ሳቃቸው ነው። ጂል በራስዋ ትስቃለች፤ ስትኰራ ወዲያው ትወድቃለች፤ ጥፋትዋንም እንደ ጓደኛ ቀርባ ትነግረናለች። ሁለተኛው ሥራን ማክበራቸው ነው። ሱዛን ፓይክ የምትባል የባለጸጋ ልጅ ውድ ፈረስ ተገዝቶላታል፤ ነገር ግን ውድ ፈረስ ብቻውን ሽልማት አያመጣም። ጂል ድርቆሽ ትሰጣለች፣ ጋጣ ትጠርጋለች፣ ሰኮና ታጸዳለች፣ የኮርቻውን ቆዳ ትወለውላለች። በ1951 ዓ.ም. በወጣው «ኤ ስቴብል ፎር ጂል» በሚለው መጽሐፍ እናትዋ ወደ አሜሪካ በሄዱ ጊዜ፣ ከአንድ ቄስ ልጆች ጋር ሆና የፈረስ ጋጣ በማቋቋም ገንዘብ ለማግኘት ይደክማሉ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው «ጂል ሃዝ ቱ ፖኒስ» ደግሞ ራፒድ የተባለውን ሁለተኛ ፈረስዋን መጀመሪያ ትጠላዋለች፤ በኋላ ግን ጥፋቱ በፈረሱ ሳይሆን በራስዋ ትዕግሥት ማጣት እንደነበረ ትረዳለች። ይህን ትምህርት ከስብከት ይልቅ በሳቅ ስለሚሰጡን ሳንሰለች ተቀበልነው።

ሆኖም ታሪክ ጸሐፊ ማመስገን ብቻ ሳይሆን መመርመርም አለበት። ድኻ ነን የሚሉት እነ ጂል እንኳ ቤታቸውን የምትጠርግላቸው ሚስስ ክሮዝቢ የምትባል ተቀጣሪ ነበረቻቸው። የሚስስ ክሮዝቢን ታሪክ በልጅዋ አፍ የጻፈልን ግን የለም። የድኽነት ልክ እንደ አገሩና እንደ ተናጋሪው ይለያያልና፣ አንባቢ ይህን ልብ ማለት ይገባዋል።

ስለ ፈረሱ ስምም የምንለው አለን። ብላክ ቦይ ማለት «ጥቁር ልጅ» ማለት ነው። በቅኝ ግዛት ዘመን አውሮፓውያን ሽማግሌውን ጥቁር ሰው እንኳ «ቦይ» እያሉ ይጠሩት ስለነበር ስሙ የሚቈጠቍጥ ትዝታ አለው። በ1990ዎቹ ዓመታት በወጡት እትሞች ፈረሱ ዳኒ ቦይ ተባለ። በኋላ ደግሞ ፊድራ ቡክስ የተባለ አሳታሚ መጻሕፍቱን እንደ ቀድሞው ቃላቸው አሳተመ። በዚህ ነገር በመካከላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዳንዶቻችን «ሕፃን ልጅ የማይገባውን ስም ለምን ይለምዳል?» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ «የተፋቀ ጽሑፍ ምስክርነቱን ያጣል» አልን። በመጨረሻ የተስማማነው ለትንንሽ ልጆች የታረመው፣ ለታሪክ ተማሪ ደግሞ የቀድሞው ቢሰጥ መልካም ነው በማለት ነው።

አሁን በመግቢያችን ወደ ጠቀስነው ጥያቄ እንመለስ። በ1960 ዓ.ም. ስምንተኛው መጽሐፍ «ፖኒ ጆብስ ፎር ጂል» ወጣ። በዚህ መጽሐፍ ጂልና ጓደኛዋ አን ትምህርታቸውን ጨርሰዋል፤ ልክ እንደ እኛ። ከፈረስ ጋር የሚሠራ ሥራ ፈልገው በየቦታው ይሞክራሉ፤ አንዱ ሥራ አድካሚ፣ ሌላው አሳፋሪ፣ ሌላውም የማይሆን ሆኖ ያገኙታል። በመጨረሻ ሁለቱም ፈረስን ለመዝናኛ ትተው የጽሕፈት ቤት ጸሐፊነት ሊማሩ ይወስናሉ። ብዙ አንባቢዎች በዚህ አዘኑ። ሰባት መጽሐፍ ሙሉ «በጥረትሽ ሁሉን ትችያለሽ» የተባለች ልጅ፣ በስምንተኛው ላይ «አሁን ልጅነት አብቅቷል፤ ወደ ጽሕፈት መኪናው ሂጂ» የተባለች መሰላቸው። ደራሲቱ በ1962 ዓ.ም. ባሳተሙት በዘጠነኛው መጽሐፍ ጂልን እንደገና የትምህርት ቤት ልጅ አድርገው መለሱአት። እርሳቸውም በ1966 ዓ.ም. ዐረፉ።

እኛም በመጀመሪያ እንደ ሌሎቹ ተቈጣን። የተቈጣነውም ስለ ጂል ብቻ አልነበረም። በዚህ ዓመት ከክፍላችን ውስጥ ሙዚቃ የሚወድ ወደ ሒሳብ ሥራ፣ ከብት ማርባት የሚወድ ወደ ቢሮ እንዲሄድ በቤተ ሰብ የሚመከር አለ። ወላጆች ለክፉ ብለው አይደለም፤ እንጀራን አስበው ነው። እኛ ደግሞ የምንወደውን ትተን በማንወደው እንዳናረጅ እንፈራለን።

ቁጣችን ጥቂት የበረደው የደራሲቱን የሕይወት ታሪክ ስናነብ ነው። ሩቢ ፈርጉሰን በ1899 ዓ.ም. ከአንድ የዌስሊያን ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ቤት ተወለዱ። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ በቅድስት ሂልዳ ኮሌጅ እንግሊዝኛ ተማሩ። ከዚያም በማንቸስተር ከተማ የተቀጠሩት በጸሐፊነት ነበር። በቀን የቢሮ ሥራ እየሠሩ፣ በተረፋቸው ጊዜ ለጋዜጣ ይጽፉና መጻሕፍት ይመረምሩ ነበር፤ ስለ ፈረስ ከመጻፋቸው አስቀድሞ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለዶችን አሳትመዋል። እንግዲህ ጂልን የላኩአት እርሳቸው ራሳቸው ወዳለፉበት በር ነበር። የጸሐፊነት ወንበር ለእርሳቸው መቃብር አልሆነም፤ ብዕራቸውን የመገበ እንጀራ ሆነ እንጂ። ይህን ግን ለጂል ሳይነግሩአት ቀሩ። እኛ በመጽሐፉ የምናገኘው ጉድለት ይህ ነው። ልጅቱን ወደ ቢሮ መላካቸውን አንነቅፍም፤ ከቢሮው በኋላ ሌላ ምዕራፍ እንዳለ አለመንገራቸውን እንነቅፋለን።

የፑሊን ቶምሰን እኅትማማቾች ሕይወት ደግሞ ሌላውን መንገድ ያሳየናል። እነርሱ ከጋጣው ሳይወጡ ብዕር ያዙ። ክሪስቲን ብቻቸውን ከ100 በላይ መጻሕፍት ጻፉ። ጆሴፊን ደግሞ ከ1976 እስከ 1993 ዓ.ም. የእንግሊዝ ፔን ማኅበር ዋና ጸሐፊ ሆነው ሠሩ፤ ይህም ማኅበር በጽሑፋቸው ምክንያት ለሚታሰሩና ለሚሰደዱ ደራስያን የሚከራከር ነው። የፈረስ ጋጣ ሲጠርጉ ያደጉት ሴት ለታሰሩ ደራስያን ጠበቃ ሆኑ ማለት ነው። ክሪስቲን በ2005፣ ጆሴፊን በ2014፣ ዳያና በ2015 ዓ.ም. ዐረፉ። በ1996 ዓ.ም. ሦስቱ ተባብረው ያሳተሙት የልጅነት ታሪካቸው ይህን ሁሉ ከአፋቸው ያስነብበናል።

ከሁሉም ይልቅ ያስደነቀን ግን መልሱ ከመጀመሪያው መጽሐፍ ጀምሮ በፊታችን መኖሩ ነው። ብላክ ቦይ የተገዛው በምን ነበር? ልጅዋ በሳቀችበት በእናትዋ ብዕር ነበር። የጂል እናት ባላቸውን ካጡ በኋላ የሚችሉትን ሥራ ይዘው፣ ቤት አቁመው፣ የልጃቸውን ምኞት ፈጸሙ። ጂል ሽልማትዋን ስትቈጥር ይህን ያሰበችው ጥቂት ነው። እኛም እስከ ዛሬ ድረስ የትምህርት ቤት ክፍያችን፣ ደብተራችንና ልብሳችን ከማን ድካም እንደ ወጣ ያሰብነው ጥቂት ሳይሆን አይቀርም።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ስንደመድም ለታናናሾቻችን የምንለው እነዚህን መጻሕፍት አንሥታችሁ አንብቡ ነው፤ ወንዶቹም ሳታፍሩ አንብቡ። ለመምህሮቻችን እንደ ማርቲን ሎ እኛን ያስተማሩን መንገድ ራሳቸው ባይሄዱበትም እንኳ በእኛ እንደሚሄዱበት እንነግራቸዋለን። ለወላጆቻችን ደግሞ ምክራችሁን እንሰማለን፤ እናንተም ምኞታችንን ስሙልን እንላለን። እንጀራ የምንበላበትን ሥራ በትጋት እንይዛለን፤ የምንወደውን ግን በጋጣው ውስጥ ሳይበላ እንዲያድር አንተወውም። ፈረስ በየማለዳው ይጠበቃልና።